የማይሰበረው ሴሚያክስ

ሴሚያክስ ሲሰበር ድምፁ የጥይት ያህል ነው። መጀመሪያ መኪናው ያቃስታል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ከዚያ ከኋላ «ጧ!» ይላል። ቀጥሎ ሞተሩ ያለ ምንም ድካም ይዞራል፤ መኪናው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ሴሚያክስ ማለት ከኋላ እግሩ መሃል ካለው ዲፈረንሻል ጉልበት ተቀብሎ ጎማውን የሚያዞር የብረት ዘንግ ነው። በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ አለ። ያን ሁሉ ጭነት ተሸክሞ ዳገት የሚያወጣው እሱ ነው ብትባሉ አታምኑም፤ ውፍረቱ የሕፃን ክንድ ቢያህል ነው። ታላቅ ወንድሜና እኔ በወጣትነታችን ስንቱን እንደሰበርን አላስታውስም። የጓሯችን አጥር ግማሹ በተሰበረ ሴሚያክስ የተደገፈ ነበር።

አባታችን ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ ወደ ጂንካ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። እናታችን የአሪ ሴት ነበረች። አባታችን እኔ ገና ፊደል ስቆጥር ስለሞተ ያሳደገኝ ወንድሜ ነው ማለት ይቻላል። ደርግ ከወደቀ በኋላ ከወታደር የተረፉ መኪኖች በጨረታ ሲሸጡ፣ የአባታችንን ቦታ ግማሹን ሸጠና አንዲት የተጎሳቆለች ባለ ፎር ዊል ፒክአፕ ይዞ መጣ። እናታችን ግቢው በር ላይ ቆማ ብዙ አየቻትና «መሬት ሸጠህ ብረት ገዛህ?» አለችው። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ቀን አላናገረችውም።

እሱ ሾፌር፣ እኔ ረዳትም መካኒክም ሆንን። ከጂንካ ጨው፣ ሳሙና፣ በቆሎና ቢራ እንጭናለን፤ ከጭነቱ በላይ ሰው ይወጣል። ቀይ አፈር፣ ዲመካ፣ ቱርሚ እያልን እስከ ኦሞራቴ እንወርዳለን። አንዳንዴ ከካንጋተን ማዶ እስከ ወንዙ ዳር እንሄድና ዕቃው በጀልባ ይሻገራል። ክረምት ከበጋ መንገዱ ጠላታችን ነበር። ሲዘንብ ጥቁሩ ጭቃ ጎማውን እንደ ሊጥ ይጠቀልለዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ወንዞቹ ሁሉ አሸዋ ብቻ ይሆኑና መኪናው እስከ ሆዱ ይሰምጣል።

ወንድሜ ያኔ ጥንቁቅ ሾፌር ነበር። ሁልጊዜ የሚለኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ጎማ ሲንሸራተት አይሰብርም፤ ሲንሸራተት ቆይቶ ድንገት መሬት ሲይዝ ነው የሚሰብረው።» ስለዚህ ጎማው ባዶውን መሽከርከር ከጀመረ እግሩን ከነዳጁ ያነሳል። አሸዋ ከመግባታችን በፊት ከጎማዎቹ አየር እንቀንሳለን። ዳገቱ ድንጋይ ከሆነ ሰውን ያስወርዳል፤ ጭነቱንም ቢሆን አራግፈን በሸክም እናወጣለን። ሰዎች በድካማችን ይስቁ ነበር። እሱ አይቸኩልም። በዝቅተኛው ማርሽ፣ እንደ ኤሊ፣ ብረቷን እያዳመጠ ነው የሚነዳው። ያም ሆኖ ይሰበር ነበር። መኪናዋ አርጅታለች፤ የምናገኘው መለዋወጫም ከሌላ አሮጌ መኪና የወጣ ነው።

ሴሚያክስ ቢሰበርም ግን ከሞላ ጎደል ወደ ቤት እንመለስ ነበር። ብሎኖቹን ፈትተን ስባሪውን እናወጣና የፊት ጎማዎቹን ኃይል አስገብተን፣ ጭነት አቅልለን፣ እየተንፏቀቅን አንድ ከተማ እንደርሳለን። የማይቻለው የፊቱም የተበላሸ እንደሆነ ብቻ ነው።

እናታችን የሞተች ጊዜ የሆነው ይኸው ነው። ኦሞራቴ ሳለን መርዶው በፖሊስ ሬዲዮ መጣ። ጭነታችንን እዚያው ጥለን ተነሳን። የፊቱ እግር ከተበላሸ ወራት አልፎት፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ እየጠበቅን ነበር። ወንድሜ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እየቸኮለ ነዳ። ከቱርሚ አልፈን አንዱን የአሸዋ ወንዝ ስንወጣ የኋላው ግራ ሴሚያክስ ተሰበረ። ሌላ መኪና የሚያልፍበት ቀን አልነበረም። እግር አያደርሰንም። ጥላ ስር ቁጭ ብለን እናታችን ያለ እኛ እንደምትቀበር እያወቅን ዋልን፤ አደርን። በሌላ ሰው መኪና ጂንካ ስንገባ ድንኳኑ ሊፈርስ ገመዱ ተፈቷል። አክስታችን እኛን ስታይ እንደ አዲስ ጮኸች። ወንድሜ መቃብሩ ላይ ተደፍቶ ከቆየ በኋላ ተነስቶ እጁን አራገፈና «ከእንግዲህ አይሰበርብኝም» አለ። አላለቀሰም። ያን ጊዜ ቢያለቅስ ኖሮ ይሻል ነበር እያልኩ ብዙ አስባለሁ።

ከሐዘኑ በኋላ ወደ አርባ ምንጭ ሄድን። ብረት በሚላጭበት አንድ ቶርኖ ቤት ከተገለበጠ ትልቅ የጭነት መኪና የወጣ ወፍራም ዘንግ አገኘን። የቶርኖው ባለቤት ጎልማሳ ሰው ነው፤ ዘንጉን ላጠው፣ ጫፉ ላይ ጥርስ አወጣለት፣ በእሳት አግሎ በዘይት አጠነከረው። ሁለት ሴሚያክስ ወጣው። ሥራውን ጨርሶ ሲያስረክበን ግን ፊቱ ደስ ያለው አይመስልም።

«ይሄ አሁን ከመኪናችሁ ሁሉ የጠነከረ ነገር ነው» አለን።

«እኛም የፈለግነው እሱን ነው» አለው ወንድሜ።

«ጉልበት የሆነ ቦታ መውጣቱ አይቀርም፤ እወቁት። እስከ ዛሬ በሴሚያክሱ ይወጣ ነበር። እሱ እምቢ ሲለው ወደ ዲፈረንሻሉ ነው የሚገባው።»

«ዲፈረንሻሉ ወፍራም ብረት ነው።»

«ነው» አለ ሰውዬው፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ሲፈርስ ግን እንደ ሴሚያክስ ጎትተህ አታወጣውም።»

ወንድሜ ዘንጎቹን በጆንያ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገ። ሰውዬው ያለው እውነት መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። የማናውቀውን ነገር አልነገረንም። ግን እናቱን መቅበር ያልቻለ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር የሚሰማበት ጆሮ የለውም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ ከሕይወታችን ጥሩው ነበር። የፊቱንም አሠራን፤ ወንድሜም ሚስት አግብቶ ልጆች ወለደ። መኪናዋ አልሰበር አለች። በጭቃ ብትገባ ትወጣለች፣ በአሸዋ ብትገባ ትወጣለች። ቀስ በቀስ ወንድሜ ተለወጠ። አየር መቀነሱን ተወ። ሰው ማስወረዱን ተወ። ጎማው ሲሽከረከር እግሩን ያነሳ የነበረው ሰው አሁን ጭራሽ ይጨምርበታል። እኔ ፊቴን ሳጠቁር ይስቅና «አይዞህ፣ ይቺ አትሰበርም» ይለኛል። ጭነቱም በዛ። በቀይ አፈር ገበያ ሰው እኛን እየጠበቀ ሌላውን መኪና ያሳልፍ ጀመር።

ከሚጠብቁን አንዷ እቴቴ የምንላቸው ነጋዴ ናቸው። ባላቸው ሞተው አንዲት ልጃቸውን በንግድ ያሳደጉ የቀይ አፈር ሴት ናቸው። ሐመሮቹ አፍልተው የሚጠጡትን የቡና ገለባ፣ ሸፈሮውን፣ በጆንያ ወደ ቱርሚ እየወሰዱ ቅቤና ማር ይዘው ይመለሳሉ። ጋቢና ውስጥ ግቡ ስንላቸው እምቢ ብለው ሸቀጣቸው ላይ ነው የሚቀመጡት። እናታችንን ያውቋት ነበር። ከሞተች በኋላ ወንድሜን «ልጄ» ማለት ጀመሩ፤ እሱም ወዲያ ወዲህ ሳይል ልጃቸው ሆነ። ምሳ እንኳ ሳይዙለት አይመጡም ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ቱርሚ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ሰፊው የአሸዋ ወንዝ ጋ ደረስን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። መኪናዋ ከአቅሟ በላይ ተጭናለች፤ ከላይ እቴቴና ሌሎች ተሳፋሪዎች፣ አንድ የታመሙ ሽማግሌም ነበሩ። አሸዋውን ተሻገርን። ማዶው ጋ የሚያስወጣው ድንጋያማ አፋፍ አለ። የፊቱ ጎማ ወጣ፤ የኋላው አሸዋው ጫፍ ላይ መሽከርከር ጀመረ።

«ጋሼ፣ ሰዉን እናውርድ» አልኩት።

«ትወጣለች» አለና ነዳጁን ረገጠው።

ጎማው ሲሽከረከር፣ ሲሽከረከር፣ ድንገት ድንጋይ ያዘ። የለመድኩት «ጧ!» አልነበረም። ከሆዷ ውስጥ የመፈጨት ድምፅ መጣ፤ ድስት ሙሉ ጠጠር የተፈጨ ይመስል። መኪናዋ ዘለለችና ወደ ኋላ ተንሸራታ አሸዋው ላይ ደርቃ ቀረች። ወደፊት ቢል አትሄድም፣ ወደኋላም አትሄድም። የኋላ ጎማዎቹ እንደ ተገነዘ ሬሳ እግር ገጥመው ተቆልፈዋል። የዲፈረንሻሉ ጥርሶች ተሰባብረው እርስ በርሳቸው ተነካክሰዋል።

ሰው ወረደ። ያለን መፍትሔ አንድ ነበር፦ ከሞተሩ ወደ ኋላ የሚሄደውን ረጅሙን ዘንግና ሁለቱንም ሴሚያክሶች ፈትተን ማውጣት፣ ከዚያ የኋላ ጎማዎቹ ነፃ ሲሆኑ በፊቱ እየጎተትን መውጣት። እኔ ከስር ገብቼ ረጅሙን ዘንግ ፈታሁ። ወንድሜ ጎማው ሥር ተቀምጦ የሴሚያክሱን ብሎን ያዘ። ዘንጉ ወፍራም ስለሆነ፣ አሸዋም ስለገባበት አልወጣ አለ። በመዶሻ እየደበደበ አንደኛውን አወጣው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል።

አሸዋውን ቆፍረው ከብት እያጠጡ ከነበሩት እረኞች መሃል አንድ የሐመር ሽማግሌ መጥተው አጠገባችን ቆሙ። ወደ ላይኛው፣ ወደ ተራራው በኩል ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡ።

«ውሃ ይመጣል» አሉ። «ውጣ። ትልቅ ነው።»

ቀና ብዬ አየሁ። ከራሳችን በላይ ደመና የለም። ተራራው ላይ ግን ጠቁሯል። ከዚያ እኔም ሰማሁት፤ ከሩቅ ብዙ ከብት አንድ ላይ የሚሮጥ ዓይነት ድምፅ ነው። ሰዉ ወደ አፋፉ ተሯሯጠ። እኔ የታመሙትን ሽማግሌ አዝዬ ወጣሁ። ከላይ ዞሬ ሳይ ወንድሜ አሁንም ተቀምጦ ይደበድባል።

«ጋሼ! ተወው! ውጣ!»

«አንዱ ብቻ ነው የቀረኝ!»

ሽማግሌውን አስቀምጬ ልወርድ ስል እቴቴ ቀደሙኝ። ነጠላቸውን ጥለው በአሸዋው ላይ ሮጡ። ያን ያህል መሮጥ የሚችሉ አይመስለኝም ነበር። ደርሰው ሸሚዙን ከኋላ ይዘው ጎተቱት። «ልጄ፣ ብረት ነው! ብረት ነው፣ ተወው!» ሲሉ እሰማለሁ። ወንድሜ መዶሻውን ጥሎ ተነሳ፤ እጃቸውን ያዘ። ወደ እኛ ጥቂት እንደሮጡ ውሃው መጣ። ውሃ እንኳ አይመስልም፤ ግንድና ድንጋይ የያዘ ቡናማ ግድግዳ ነው። እጃቸው ሲላቀቅ አየሁት።

ወንድሜን ታች ያለ የግራር ግንድ ያዘው። የሐመር ወጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ገብተው አወጡት። እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ራሱን ሲያውቅ መጀመሪያ የጠየቀው «እቴቴስ?» ብሎ ነው። እሳቸውን በማግስቱ ውሃው ጎድሎ ከታች አሸዋ ውስጥ አገኘናቸው። መኪናዋ የለችም። ወንዙ ደርቆ፣ አሸዋው ለጥ ብሎ፣ መኪና ቆሞበት የማያውቅ ይመስል ነበር።

ቀይ አፈር ቀበርናቸው። ወንድሜ ሆስፒታል ስለነበር ለዚህም ቀብር አልደረሰም። በክራንች መሄድ ሲጀምር ወደ ልጃቸው ውሰደኝ አለኝ። ልጅቷ ባል አግብታ በእናቷ ቤት ትኖራለች። ስታየን ተነስታ ወንበር ሰጠችን። ወንድሜ አልቀመጥ አለ።

«እናትሽን የገደልኳቸው እኔ ነኝ» አላት። «በድሮው ሴሚያክስ ቢሆን ኖሮ ይሰበር ነበር። ይሰበርና ስባሪውን አውጥተን ውሃው ሳይመጣ እንወጣ ነበር። እኔ ነኝ እንዳይሰበር ያደረግኩት።»

ልጅቷ ምን እንደሚላት አልገባትም። እኔን አየችኝ፤ ከዚያ እሱን።

«ወንድሜ» አለችው፤ «ስለ ብረት እኔ አላውቅም። እናቴን ጎርፍ ነው የወሰዳት። እሷም ልጄ ብላ ነው የገባችው። በአንተ ቂም የለኝም።»

ይቅርታዋ ይፈውሰዋል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እሱ ግን በመንገዱ ሁሉ «አልገባትም» እያለ ነው የተመለሰው። ብትሰድበው፣ ብትመታው የተሻለ ነበር። የሚከሰው ሰው ስላጣ ራሱ ከሳሽ ሆነ።

ከዚያ በኋላ መኪናዋን ፍለጋ ጀመረ። በየበጋው፣ ወንዙ ሲደርቅ፣ አካፋ ይዞ ቱርሚ ይወርዳል። አንዳንዴ ሰው ቀጥሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን፣ እያነከሰ ይቆፍራል። የቆፈረውን በክረምት ጎርፍ ይሞላዋል። ሚስቱ መጀመሪያ ለመነችው፣ ቀጥሎ ሽማግሌ ላከችበት፣ በመጨረሻ ልጆቿን ይዛ ወይጦ ወዳሉት ቤተሰቦቿ ሄደች። እኔም ሄጄ አብሬው የቆፈርኩበት ጊዜ አለ። «ምን ታደርግልሃለች? ዝጋለች እኮ» እለዋለሁ።

«ከፍቼ ማየት እፈልጋለሁ።»

«ምኑን?»

«ምናልባት እኔ እንዳሰብኩት ላይሆን ይችላል። ምናልባት ሴሚያክሱም ተሰብሮ ይሆናል። ምናልባት የያዘን የፊቱ እግር ተበላሽቶ ይሆናል። ካላየሁ እንዴት አውቃለሁ?»

ያኔ ነው ተስፋው የት ላይ እንደሆነ የገባኝ። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ የሚመሰክርለት ስባሪ እየፈለገ ነበር። ቢያገኘው እንዴት ደስ ባለኝ።

አንድ ዓመት ከባድ ጎርፍ ወርዶ ወንዙ አቅጣጫውን ቀየረና የመኪናዋ የኋላ እግር፣ ዲፈረንሻሉ እንዳለ፣ ከአሸዋው ብቅ አለ። እረኞች አይተው ላኩብን። ወንድሜ ራሱ ሊፈታው ፈለገ፤ መፍቻው ከብሎኑ እየወጣ ሲያስቸግረው ተቀበልኩት። ክዳኑን ከፈትኩ። ውስጡ አሸዋና የተፈረካከሰ ጥርስ ነው፤ አንድም ጤነኛ ጥርስ አልነበረም። ከዚያ በቀኝ በኩል የቀረውን፣ ያን ቀን አልወጣ ያለውን ሴሚያክስ ደብድቤ አወጣሁት። ከውጭ ሸፈነው እንጂ ዝገቱ እንኳ አልገባበትም። በጨርቅ ስጠርገው የቶርኖው ምላጭ የሄደበት መስመር ይታያል። አልጎበጠም፤ አልተሰነጠቀም።

ወንድሜ ተቀብሎኝ ጭኑ ላይ አጋድሞ አየው። በጣቱ ከጫፍ ጫፍ ዳሰሰው።

«ምንም አልሆነም» አለ።

እዚያው አሸዋው ላይ አስቀመጠውና ክራንቹን ይዞ ተነሳ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወንዙን አልፈለገም። ሌላም ነገር አልፈለገም።

እነሆ ብዙ ዓመት ሆነው። አስፋልቱ መጣ። ከጂንካ ተነስቶ ኦሞራቴ መድረስ ዛሬ የምሳ ጉዳይ ነው፤ ጎማቸው የድስት ክዳን የምታክል የቤት መኪኖች ሳይቀሩ ይወርዳሉ። እኛ አየር እየቀነስን፣ እየቆፈርን፣ ጭነት እየተሸከምን የወጣነውን አፋፍ ልጆች ሙዚቃ ከፍተው ነው የሚያልፉት። ምነው ይህ መንገድ ትንሽ ቀደም ብሎ በመጣ እላለሁ፤ ግን እንዲህ ያለውን ምኞት ለማን ይነግሩታል? ወንድሜ ከእኔ ግቢ ጀርባ ባለችው ክፍል ይኖራል። ከቤተ ክርስቲያን ይመጡና ይጸልዩለታል፤ አንገቱን ደፍቶ ያስጨርሳቸዋል፤ «አሜን» ግን አይልም። ልጆቹ ትልልቅ ሆነዋል፤ አንዳንድ በዓል ይመጡና ምን እንደሚያወሩት ግራ ገብቷቸው ይመለሳሉ። መኪና ላይ አይወጣም። እኔ ጋራዥ ተቀጥሬ ነው የምኖረው፤ ማታ በዘይት የጨቀየ ልብሴን ውጭ ለውጬ ነው የምገባው፤ ሽታው እንዳይደርሰው።

ባለፈው ክረምት አልበላ ብሎ ከሳ። ወደ ሆስፒታል ልወስደው ባጃጅ ብጠራ አልገባም አለ። በዝናብ፣ በክራንቹ፣ በጭቃው መሃል፣ ቀስ እያልን በእግራችን ሄድን። በየመንገዱ ቆሞ ትንፋሹን ይሰበስባል። እኔ ጃንጥላውን እይዝለታለሁ። የገባንበት ክፍል ያለችው ሐኪም ወጣት ናት፤ ደረቱን አዳመጠች፣ ዓይኑን ገልጣ አየች፣ ከዚያ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠግታ በትሕትና ጠየቀችው።

«አባባ፣ ምን ይሰማዎታል?»

«ምንም» አላት።

ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ክራንቹን ከእጁ ተቀብዬ ጭኔ ላይ አጋደምኩት።